ኖራውና የላቀው ዓይን

የቡሬ ዋልካ አፈር መኪና ይውጣል። በክረምት የዋጠውን ጎማ በጥር እንኳ በመከራ ነው የሚመልስ። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የነቀምትን መንገድ የያዙት ሰዎች መላ አመጡ፤ ነጭ ኖራ ከአፈሩ ጋር ለውሰን ስንጠቀጥቀው ይጠነክራል አሉ። እውነትም ይጠነክራል! የእኔ የደጊቱ ሥራ ውሃ በእንስራ እያመላለስኩ ኖራው ላይ መድፋት ነበር። ውሃ ሲነካው ይንፈቀፈቃል፣ ይጨሳል፣ እንደ ሽሮ ይፈላል። ደፍቼ እሸሻለሁ፤ ፈሪ ነኝ፣ ምን አባቴ ላድርግ!

ወንድሜ ላቀው ደግሞ ደረቁን ኖራ በአካፋ ይበትናል። እናት አባት የሉንም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነፋሱ ድንገት ዞረ። ላቀው የበተነው ኖራ ተመልሶ ፊቱ ላይ ተደፋ። «ዓይኔን! ዓይኔን!» ብሎ አካፋውን ወርውሮ ወደቀ። ክው አልኩ። ጀርባዬ ላይ ያዘልኩት እንስራ ሙሉ ነው።

«ውሃ! ደጊቱ፣ ውሃ!» ይላል።

የሠራተኞቹ ካቦ ገብረሰንበት ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። «አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ኖራ በውሃ ምን እንደሚሆን አላየሽም? ዓይኑን ልትቀቅይው ነው! ቅቤ አምጡ!»

«እንዳትደፊ!» ሰዉም ሁሉ ጮኸብኝ።

አይቻለሁ እንጂ! ከእኔ በላይ ማን አየ? ያ መንፈቅፈቅ በወንድሜ ዓይን ውስጥ ሲሆን ታየኝ። ብደፋም ወዮልኝ፣ ባልደፋም ወዮልኝ። ፍኖተ ሰላም ሐኪም አለ፤ የሚያደርሰን መኪና ግን የለም።

ላቀው ቀሚሴን ጨምድዶ፣ «እየነደድኩ ነው» አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

የሚነድ ነገር ላይ ታዲያ ሌላ ምን ይደፋል! የካቦውን እጅ ነክሼ አመለጥኩ። ላቀውን በጎኑ አጋድሜ፣ የዓይኑን ቆብ በጣቴ ፈልቅቄ ውሃውን ለቀቅኩት። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። በቃ ቀቀልኩት አልኩ። እመቤቴን እየጠራሁ ግን አላቆምኩም፤ የእኔ ሲያልቅ የሌላዋን ውሃ ቀጂ እንስራ ነጥቄ ቀጠልኩ። ካቦው «ጨረሰችው!» እያለ ራሱን ይዟል።

ከዚያ ላቀው መጮህ ተወ። ዓይኑን ጨፍኖ ያለከልካል። ይታይሃል ወይ ብዬ እንዳልጠይቅ መልሱን ፈራሁት፤ ድምፄን ውጬ እያነባሁ አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ቆይቶ ቆይቶ አንዱን ዓይኑን ገለጠ፤ ደም መስሏል። ወደ ፊቴ ዞረ።

«አንቺ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ።