ዳቦ ቤቱ ከነበረበት አንድ ቅያስ ወደ ሐይቁ

ቀለሙ ገና አልደረቀም። ኤርሚንያ ከምግብ ቤቷ በር በላይ ያለውን ጽሑፍ ቀና ብላ አየችው። «ከነዳጅ ማደያው ሁለት ቅያስ ወደ ላይ» ይላል። እስከ ትናንት ድረስ «ዳቦ ቤቱ ከነበረበት አንድ ቅያስ ወደ ሐይቁ» ነበር የሚለው።

«እማ፣ ዳቦ ቤቱ እኮ እኔ ሳልወለድ ነው የፈረሰው» አለች ልጇ ያዲራ፣ ብሩሹን እያጠበች። «የዛሬ ልጆች የት ያውቁታል? ደንበኛው ሁሉ እየጠፋብን!»

«ማናጓ ከተማ ውስጥ የፈረሰ ነገር ሳይጠራ መንገድ የሚያሳይ ማን አለ?» አለች ኤርሚንያ። ቢሆንም የልጇ ጭቅጭቅ አሰልችቷት እሺ ያለችው ራሷ ናት።

ከብዙ ዓመት በፊት ምድር ተንቀጥቅጣ ከተማዋን ባፈረሰችበት ሌሊት ወንድሟ ኒካሲዮ እዚያ ዳቦ ቤት ሊጥ እያቦካ ነበር። ፍርስራሹ ሲነሳ ዱቄት እንጂ ሬሳ አልተገኘም። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ቤት አልቀይርም አለች። «መንገዱን ያውቀዋል፣ በዚያው ይመጣል» ትል ነበር። ኤርሚንያም ያንን ቃል ይዛ እዚያው ደጅ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ቀረች።

ቀትር ላይ መካኒኮቹ ከነግራሶ ልብሳቸው ግር ብለው ገቡ። ኤርሚንያ ቀይ ባቄላ ያለበትን ሩዝ፣ የተጠበሰውን ሙዝና ሥጋውን ኮባ በተነጠፈበት ሳህን ላይ ታደርግና ከላይ ሽንኩርት ትነሰንስበታለች። እንደ ወትሮዋ ከጭሱ ቀና ሳትል አንዱን ሳህን ምድጃው አጠገብ ባለው የጥግ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። የጥጉ ሰውዬ ድምፅ የለውም፤ ዞር ስትል በልቶ ይሄዳል። ሁልጊዜ ግን ሽንኩርቱን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፍቶ ይተወዋል። ሳህኑን ባነሳች ቁጥር «ምን ዓይነቱ አመለኛ ነው!» እያለች ትነጫነጭበታለች።

ዛሬ ልታነሳ ስትሄድ ምግቡ እንዳለ ነው። ስቡ ረግቷል።

«ያዲራ፣ የጥጉ ሰውዬ ዛሬ ቀረ እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሽንኩርት የማይበላው ነዋ! እዚህ የሚቀመጠው።»

ያዲራ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። «እማ፣ እዚያ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ያ ሁሉ ጭስ ማንን ያስቀምጣል? አንቺው ታቀርቢያለሽ፣ አንቺው ታነሻለሽ። እኔማ ምሳሽ ይመስለኝ ነበር።»

«ዶኛ ኤርሚንያ ለካ ተደብቀው ነው ምሳ የሚመቱት!» አለ መካኒኩ ኤልየሰር፣ አፉን ሞልቶ። ጓደኞቹ ሳቁ።

ኤርሚንያ አልሳቀችም። ኒካሲዮ በልጅነቱ ሽንኩርት ካየ እናታቸው ብትቆጣው ብትለው ወደ ጠርዝ ይገፋው ነበር።

ወደ መንገዱ ተመለከተች። ነፋስ የሚባል የለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ ወደ ነዳጅ ማደያው ሄደ፣ ተመለሰ፣ በሯን አልፎ ቆመ፣ ደግሞ ሄደ። ቤቱ እንደጠፋበት ሰው ይንከራተታል።

«ወይኔ፣ መንገዱን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ!» አለች።

የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ ወንበር ላይ ወጣችና እርጥቡን ቀለም ትፍቀው ጀመር። የድሮዎቹ ፊደላት ከሥር ብቅ አሉ። ከዚያ እዚያው ወንበር ላይ እንደቆመች ወደ ባዶው መንገድ ጮኸች፦

«ኒካሲዮ! ዳቦ ቤቱ ከነበረበት አንድ ቅያስ ወደ ሐይቁ!»

መካኒኮቹ ማኘካቸውን አቆሙ። መንገዱ ላይ ብናኙ አልነበረም።

«እማ» አለች ያዲራ ከውስጥ። «ውረጂና ነይ።»

የጥጉ ወንበር ወደ ኋላ ተስቧል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክርን ያረፈበት ቦታ ዱቄት ሆኗል። ሥጋው የለም፣ ሩዙ የለም፣ ሙዙም የለም። ሽንኩርቱ ብቻ ጠርዙ ላይ ተከምሯል።

ኤርሚንያ ፈራች። ቢሆንም ሳህኑን አንስታ ሽንኩርቱን ለከሰሉ ሰጠችው፤ ትኩስ ሩዝ ጨመረችና መልሳ አስቀመጠችለት። ይህኛው ላይ ሽንኩርት አላደረገችም።