ግጥም አምጡ

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ «ዘፋኛችሁ የታለ?» ዘፋኝ የለንም። አልታመመም፣ አላኮረፈም፣ የለም። ፉሪ ጋራ የሚባለው ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። ጊታር እኔ ዘርሁን፣ ቤዝ ጊታር ያኔት፣ ድራም ኢፋ። አለቀ።

የምንጫወተው ፕሮግሬሲቭ ሜታል ነው። ከተማችን ዓለም ገና ላይ ይህን ስትናገር ሰው ፊትህን አየት አድርጎ «ጠጥተሃል እንዴ?» ይልሃል። አንዱ ሥራ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ጊታሩ ያጓራል፣ ምቱ በሰባት ሲሄድ ይቆይና ሳታስበው ወደ አምስት ይዞራል፣ ሊያጨበጭብ የተነሳ ሰው እጁ አየር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ዘፋኝ ፈልገን ነበር፣ አልዋሽም። በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ እያልን ሦስት ወር ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ኢፋ ድራሙ ላይ ተቀምጦ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ እስከ ሰባት ቆጠረ፤ እኔም በአማርኛ ቆጠርኩ፤ ሰባተኛው ላይ እኩል ወደቅን። ያኔት «በቃ፣ ቃል አያስፈልገንም» አለች። የኢፋ አባት ኦቦ ቦጂያ እዚያው አጠገባችን ፉሪ ላይ የጭድ ቤታቸውን ለቀቁልን። ጭዱ ድምፁን ስለሚውጠው ጎረቤትም አላማረረም።

ከዚያ 2008 መጣ፣ ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው ገበሬ መሬት የሚያሰፋው የማስተር ፕላኑ ነገር ተቀጣጠለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የጅማ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ ልጆች ታፍሰው ተወሰዱ፣ የሞቱም አሉ። የኦቦ ቦጂያ ማሳ ላይ ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተው ለኩ፣ ችካል ተክለው ሄዱ። የኛ ዕድል ደግሞ ጊዜ አታውቅም፤ በዚሁ መሀል አዲስ አበባ ያለ አንድ አዳራሽ ለጥር ሃያ ሁለት ጋበዘን። ስድስት ዓመት የጠበቅነው ቀን ነው። ከምትኖሩበት ከተማ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ይዛችሁ ኑ ተባልን።

ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ የሚጽፈው ሰውዬ አቶ ታመነ ይባላል። ፎርሙ ተራ ቁጥር አራት ላይ «የዘፈኑ ግጥም በሁለት ኮፒ» ይላል። የለንም አልኩት። ግጥም የሌለው ዘፈን የለም፣ የደበቃችሁት ነገር አለ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አሰማሁት። እግዜር ይስጠው፣ ስምንት ደቂቃ ሙሉ አገጩን ይዞ አዳመጠና «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ሁለተኛ ሄድኩ፣ ሦስተኛ ሄድኩ፤ ግጥም አምጡ።

በሌላ በኩል የፉሪ ልጆች ኢፋን በነገር ይዘውታል። ሰው እየሞተ እናንተ ትደነፋላችሁ፣ አንድ ቃል ግን ከአፋችሁ አይወጣም ይሉታል። አንድ ቀን ልምምድ ላይ የድራም ዱላዎቹን አስቀምጦ ስለ መሬቱ አንድ መስመር እንኳ እንበል አለኝ። ጮህኩበት። ቃል የለም ተባብለናል፣ አንድ ቃል ከገባ ባንዱ ፈረሰ ብዬ ጮህኩበት። ዱላዎቹን መልሶ አነሳ።

አራተኛ ቀን አቶ ታመነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረኝ። ልማትን የሚያወድስ አራት ስንኝ ካለ ዛሬውኑ ያልቃል፣ ለፋይል ነው፣ ማን ያነበዋል አለ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ በአምስት ደቂቃ ጻፍኩት፦

ይለካ መሬቱ፣ ይዘርጋ ገመዱ፣
ከተማ መጣልን፣ ደስ ይበል ዘመዱ፤
ሰጠና ገበሬው ማሳውን በደስታ፣
ፎቅ ይበቅልበታል በስንዴው ቦታ።

ከሥሩ «የገጣሚው ስም» ይላል። ኢፋ ቦጂያ ብዬ ሞላሁ። ምቱን የፈጠረው እሱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አቶ ታመነ አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ ማኅተሙን መታ።

ማን ያነበዋል ያለው ሰውዬ በሳምንቱ ግጥሙን አባዝቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ ከላዩ «የፉሪ ወጣት ድምፅ» የሚል ጨምሮበት። በስልክ ፎቶ ተነስቶ ሳይመሽ ፉሪን አዳረሰ። የኢፋ ጓደኞች ሰላምታ ነሱት። የማሳው ችካል እያለ አባቱን ሸጠ ተባለ። ኢፋ አልጻፍኩም ቢልም ስሙ አለበት፣ ማኅተም አለበት፣ ማን ይመነው? ለኔ ሳይነግረኝ ስልኩን ዘግቶ አክስቱ ጋ ቱሉ ቦሎ ሄደ። ያኔት ነች የነገረችኝ፤ ከዚያም የጻፍከው አንተ ነህ አይደል አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ወደ ፉሪ ወጣሁ። ኦቦ ቦጂያ በራቸው ላይ ቆመዋል። አካም ጅርቱ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ መለሱልኝ፣ ግባ ግን አላሉኝም። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዓይኔ ደክሟል፣ አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ስድስት ዓመት ቃል ያልወጣበት ግቢ ውስጥ፣ ለመሬቱ ባለቤት፣ አራቱንም ስንኝ በገዛ አፌ አነበብኩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ ኦቦ፣ ኢፋ አያውቅም አልኳቸው። አልተቆጡም። እሁድ ዕድሩ ይሰበሰባል፣ እዚያ ተነስተህ ይህንኑ ተናገር አሉኝ። እዚህ ላይ ነው የማፍረው። ወሬው ቢሮው ከደረሰ ደብዳቤው ይሰረዛል፣ ከጥር ሃያ ሁለት በኋላ ቢሆንስ ብዬ ለመንኳቸው።

«ከበሮውን ማን ይመታልሃል?» አሉኝ።

እኔ ልጃቸውን አጥፍቼ ኮንሰርቱን ሳድን ኮንሰርቱ ራሱ ልጃቸው እንደነበር ረስቼው ኖሯል። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ስሙ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ፈልገው አገኙት።

«ለምን ያንተን ስም አልጻፍክበትም?»

ምቱ የእሱ ስለሆነ ልል ጀመርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኚህን ሽማግሌ ዓይናቸውን እያየሁ ልጨርሰው አልቻልኩም።

«የእኔ ስም ቢሆን አይጠቅማቸውም ነበር። መሬቱ የሚለካበት ገበሬ ልጅ፣ የኦሮሞ ልጅ ደስ አለኝ ሲል ነው የሚፈርሙልኝ። ስጽፈው አውቄዋለሁ።»

ኦቦ ቦጂያ ወረቀቱን አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እሁድ እሱንም ጨምረህ ተናገር» አሉኝና በሩን ዘጉት።