የዘንዘልማው ባዶ መቃብር

ቆፋሪዎቹ እስከ ወገባቸው ወርደዋል። ከዚያ ጉድጓድ ምንም እንደማይወጣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዘንዘልማ ያለው መሬት ሁሉ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኗል። የድሮው የሚሲዮን ግቢም ተራው ደረሰና፣ የሚሲዮናውያኑ የልጅ ልጅ ኤልሳ በሕፃንነቷ የሞተችውን የአክስቷን አፅም ልትወስድ ከስዊድን መጣች። አማርኛውን ከአባቷ ተምራዋለች፤ "እትዬ እናትዓለም" ስትለኝ አንጀቴን ትበላዋለች።

አያቴ ወለተ ሩፋኤል የሕፃኗ ሞግዚት ነበረች። ወላጆቿ "ሰው አድጎ፣ አምኖ ነው የሚጠመቅ" ይላሉ። አያቴ መቼ አስችሏት! በሰማንያ ቀኗ ገበያ የወጣች መስላ ወስዳ ክርስትና አስነሣቻት። ዓመት ሳይሞላት ወባ ገደላት። ወላጆቿ ያን ጊዜ መድኃኒት ይዘው ሐይቁን ተሻግረው ቆላ ድባ ነበሩ። አያቴ ሕፃኗን ቤተ ክርስቲያን አስቀበረችና፣ ለእነሱ እዚህ ድንጋይ ከምራ ጠበቀቻቸው። ምን ትበል? "ልጃችሁን ሰርቄ አስጠመቅኋት" ትበል? ስትሞትም ይህን ለእኔ ብቻ ነግራ፣ ተናዝዛ እዚያችው ልጅ ላይ ተቀበረች። እንግዲህ እውነቱን ካወጣሁ አያቴ ልትቆፈር ነው። እኔ ቆሜ እያለሁ!

"ምንም የለም" አለ አንደኛው ቆፋሪ። "የሕፃን አጥንት መሬት ይበላዋል።"

ተመስገን አልሁ በልቤ። ኤልሳ ግን ተንበርክካ አፈሩን በእፍኟ ትዘግን ጀመር።

"አያቴ እሑድ እሑድ እዚህ ተቀምጣ ትዘምርላት ነበር" አለችኝ እያለቀሰች።

አዬ ጉዴ! አላስቻለኝም። "ተይው ልጄ፣ እዚህ የለችም" አልሁ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ..." ብዬ ሁሉንም ዘረገፍሁት።

ፊቷ ደም መሰለ። "አያቴ ስታለቅስ አያትዎ ያዩ ነበር?"

"አጠገቧ ተቀምጣ ታባብላት ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተነሣች።

"ቆፋሪዎቹን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልውሰዳቸው?" አልሁ።

"ስለ መቆፈሩ ገና አላወቅኩም" አለች። "መጀመሪያ ይምሩኝ። አያቴ ቦታ ስታ ያለቀሰችውን፣ እኔ ቦታው ላይ ላልቅስላት።"