የካፖርቱ ገበር

አቶ ሰይፈሥላሴ ካፖርታቸውን ከቁም ሣጥን ያወጡት ለለቅሶ ወደ ጨንቻ ሊወጡ ሲሰናዱ ነበር። አርባ ምንጭ ካፖርት የሚያስለብስ አገር አይደለም፤ ከፍ ባለው በሴቻ ሰፈር እንኳ ቀትር ሲሆን እንሽላሊቱ ጥላ ይፈልጋል። ጨንቻ ግን ደጋ ነው፤ ደመናው ከመንገደኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚሄድበት አገር። ስለዚህ በወጣትነታቸው እዚያ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ሳሉ የተሰፋላቸው ጥቁር ካፖርት ለእንዲህ ያለው ቀን ተሰቅሎ ይኖራል። አራግፈው ሊለብሱት ሲሉ እጃቸውን ሻካራ ነገር ነካው። ገለጡት። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ እንደ ሐር የሚያንሸራትተው ገበር ከጀርባው ላይ የለም። አይጥ አልቀደደውም፤ ብል አልበላውም። በመቀስ፣ ስፌቱን ተከትሎ፣ በጥንቃቄ ተቆርጦ ተወስዷል።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱን በጩኸት ባናወጠው ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ ግን ዕድሜያቸውን በመዝገብ መካከል የጨረሱ ሰው ናቸውና ጩኸት ተጠርጣሪን እንደሚያስጠነቅቅ ያውቃሉ። ካፖርቱን መልሰው ሰቀሉ፤ ለቅሶውን በሹራብ ደርሰው ብርድ እያንዘፈዘፋቸው ተመለሱ፤ ለማንም አንዳች አልተነፈሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የገዛ ቤታቸውን እንደ ባዕድ ቤት ያዩት ጀመር።

በመጀመሪያ ዐይናቸው ያረፈው በተልባው ላይ ነው። ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል፤ ጾም የለም፤ የማንም ጨጓራ አልታመመም። ሆኖም በጓዳ የተቀመጠው የተልባ ከረጢት በየሳምንቱ ይጎድላል። ቅዳሜ ሲመሽም ከጓሮው ሰርቪስ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ጠብ ጠብ ብሎ ያገኛሉ። በከዘራቸው ጫፍ ነኩት፤ ተለጠጠ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ የተቀቀለ ተልባ ነው።

በሰርቪስ ቤቱ የተከራየችው ኑሃሚን የምትባል ወጣት ነበረች፤ ከሐዋሳ መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመረቀች፣ ሥራ እስክታገኝ ከተማውን ያልለቀቀች። ጨዋ ናት፤ ስትገባም ስትወጣም ሰላምታ አታጓድልም። አቶ ሰይፈሥላሴን ቅር የሚላቸው ጠጉሯ ነበር። እንደ ዋርካ ጥላ ዙሪያውን ሰፍቶ፣ ዘለላው ሁሉ በየራሱ ተጠቅልሎ፣ ለማንም ሳይታዘዝ ይቆማል። «ያልተበጠረ ጠጉር ያልተበጠረ ሐሳብ ያሳድራል» ይሉ ነበር፤ ማንም ባይጠይቃቸውም።

አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ ጠጋ አሏትና፣

«ልጄ፣ ተልባ ትወጃለሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«ለመጠጣት ነው ጋሼ?»

«ለሌላ ለምን ይሆናል?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። «አይ፣ እኔ እንኳ ብዙም አልጠጣም» አለችና ባዶውን ባልዲ አንሥታ ገባች።

አቶ ሰይፈሥላሴ በልባቸው መዘገቡት፤ ጥያቄን በጥያቄ መልሳለች፤ ዐይኗን ሰብራለች፤ ሥራዋን ሳትጨርስ ገብታለች።

ይህ ሁሉ ባላስጨነቃቸው ነበር፤ የነገሩ መቋጠሪያ ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ሆኑባቸው። ወይዘሮዋ ከወራት ወዲህ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ያስራሉ፤ ተኝተው እንኳ አይፈቱትም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ይሻገራሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ሹክሹክታ ይሰማል።

«ይህ ሻሽ ከራስሽ የሚወርደው መቼ ነው?» አሏቸው አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ ዋዛ አስመስለው።

«ባርኔጣህ ከራስህ በወረደ ማግስት።»

«እኔ ባርኔጣ የማደርገው ለፀሐይ ነው።»

«ፀሐይዋ ሳሎን ድረስ ትከተልሃለች? እኔን ጉንፋን ይዞኛል።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ጉንፋን ሲመጣ አየሩን አይጠይቅም። ብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።»

ከባል ልብስ የተቆረጠ ቁራጭ፣ የሚለጠጥ ፈሳሽ፣ የተዘጋ በር፣ የተሸፈነ ራስ። አቶ ሰይፈሥላሴ እነዚህን ጎን ለጎን ባኖሯቸው ቁጥር አንዲት ቃል ብቻ ትመጣባቸዋለች፤ መተት። የተማሩ ሰው ናቸው፤ በመተት አያምኑም። ይሁን እንጂ አለማመን አለመጠርጠር አይደለም። እጅጋየሁ በእሳቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አስደርጋ ከተገኘች፣ ቃል ኪዳን ያሰረውን ጎጆ ቃል ኪዳኑ ራሱ ይፍታው እንጂ ከእንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር አላድርም ብለው ቈረጡ። ቈርጠውም ጨንቻ ለሚኖረው ለሚስታቸው ታላቅ ወንድም ለሸዋንዳኝ ስልክ መቱ።

«እሑድ ከታናሽህ ከካሱ ጋር ውረዱ። የእኅታችሁ ጉዳይ ነው።»

«ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም።»

«እንግዲያስ ምንድን ነው?»

«ስትመጡ።»

ኑሃሚንንም ጠርተው ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«አጥፍተሻል አልወጣኝም። ልቀቂ ነው ያልኩት።»

ወይዘሮ እጅጋየሁ ይህን ሲሰሙ ባላቸውን ትኩር ብለው ተመለከቱ። «ልጅቷን ለምን አስወጣህ?»

«ቤቱ ለዘመድ ይፈለጋል።»

«ለየትኛው ዘመድ?»

ባላቸው ከዘራቸውን አንሥተው ወደ በረንዳ ወጡ። ወይዘሮዋ ከዚያ በኋላ አልጠየቁም፤ ነገር ግን አቶ ሰይፈሥላሴ ወንበር በቀየሩ፣ ስልክ ባነሡ ቁጥር የሚስታቸው ዐይን ሲከተላቸው ይሰማቸው ነበር።

ቅዳሜ ሲደርስ «ታች ሲቀላ ሰፈር ደርሼ ልምጣ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። እስከ መንገዱ ማብቂያ ሄደው፣ ባጃጆቹን ሁሉ በእጃቸው እያሳለፉ፣ በጓሮው አጥር በኩል ተመለሱ። ከሰርቪስ ቤቱ ትንሽ መስኮት አጠገብ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላ አንድ የሽፈራው ዛፍ አለ። መሬቱ በማለዳ ዝናብ ርሷል። ዳኞች ተነሥተው ያከበሯቸው እኒያ ሰው ከዛፉ ሥር አጎንብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በመጋረጃው ሽንቁር አዩ።

ሚስታቸው በዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ላይ ፎጣ አለ፤ ሻሻቸው ጭናቸው ላይ ተጣጥፏል። ከግንባራቸው በላይ ያለው ጠጉር የለም። እንደ መዳፍ ገላጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር፣ ርጥብ፣ የተጠቀለለ ነው። ኑሃሚን ከብርጭቆ ያንን የሚለጠጥ ነገር በጣቷ እየጨለፈች፣ ጠጉሩን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈለች ታለብሰዋለች።

«እማማ፣ አይቁነጥነጡ።»

«ውኃ ጨምሪበት። በደረቁ አይነካም ያልሽው አንቺው ነሽ።»

«ጨምሬያለሁ። ይኸው ይዩት በመስታወቱ፣ ራሱን በራሱ ሲጠቀለል! እኔ ምንም አላደረግሁትም።»

«ይህ መልክ እንዳለው መች አውቄ! ልጅ ሆኜ እናቴ እየጎተተች ትጎነጉነዋለች፤ ካገባሁ ወዲህ በጋለ ብረት ስተኩሰው፣ በማለስለሻ ስለበልበው ኖርኩ። ሳልተዋወቀው የፊቱ አለቀ።»

«ካልተጎተተና ካልተተኮሰ የቀረው ይበረታል። ይህን ጠርዝ ጠርዙን ይንኩት፣ ለስላሳ ነገር ብቅ ብሏል። ማታ ማታ ቆቡን ከሻሹ ሥር ያደርጋሉ አይደል? የጥጥ ትራስ ርጥበቱን ይጠጣዋል ብያለሁ።»

«የሸማኔ ልጅ ሆኜ ጥጥ ጠላትሽ ነው ተባልኩ! ወንድሞቼ ቢሰሙ አንቺንም እኔንም ያሳድዱናል።» ወይዘሮ እጅጋየሁ እየሳቁ ከጉያቸው አንዲት ቆብ አወጡ። ወይን ጠጅ ቀለም ነበራት። አቶ ሰይፈሥላሴ ገበራቸውን አወቁት።

«ጋሼ ካፖርታቸውን ያዩ ዕለት ምን ይላሉ?»

«ያን ጊዜ ጠጉሬ ይደርስልኛል። ብቻ ይህን ግንባር አሁን አይይብኝ።»

«ይቆጣሉ ብለው ነው?»

«ቁጣውንማ ለምጄዋለሁ ልጄ። ያዝንልኛል። ሰይፈሥላሴ ቆሞ ሲያዝንልኝ ማየት ነው የማልችለው።» ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ሳብ አደረጉና፣ «አንቺም ስለ ቤቱ አትጨነቂ። ሰውየው የደበቀኝ ነገር አለ፤ እደርስበታለሁ» አሉ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ትንፋሻቸውን ውጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ለሸዋንዳኝ ደወሉ። የስልኳ ሴት መስመሩ አይገኝም አለቻቸው። ደግመው ሞከሩ፤ እንደዚያው። የጨንቻ ደመና ስልክንም ይውጣል። መዝገቡን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ መዝጋት ግን ከእጃቸው ወጣ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ከግቢው በር አልራቁም። ሐሳባቸው ወንድማማቾቹን ከአጥር ውጭ ተቀብለው «ነገሩ አልቋል፤ ምሳ ብሉና ተመለሱ» ሊሏቸው ነበር። ባጃጁ ሲቆም ግን ዕቅዱ ፈረሰ። ሸዋንዳኝ በነጭ ቡልኮው ላይ፣ ካሱ ደግሞ በሁለት እጁ፣ ርጥብ ሣር ይዘዋል። የጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከመጣ ዕርቅ ሊለምን መጣ ማለት ነው፤ ሣር የያዘን ሰው እንቢ ማለትም ነውር ነው። ወንድማማቾቹ «ስትመጡ» የምትለዋን ቃል በራሳቸው ልክ ተርጉመዋታል።

«ሣሩን ጣሉት» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ በሹክሹክታ።

«ምን አልክ?»

«ጠብ የለም። ጣሉት ነው የምላችሁ።»

«ሣር ይጣላል እንዴ?» አለ ካሱ። «በሚኒባሱ ያለ ሰው ሁሉ ማን ተጣላ፣ ማን ተጣላ ሲለን ነው የመጣነው። አሁን ተመልሰን ማንም ልንል ነው?»

«እንግዲያስ ለእኔ ስጡኝ!» አሉና ሣሩን ነጥቀው በኮታቸው ደረት ውስጥ ይጎሰጉሱት ጀመር። በዚህ መካከል ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«ሰይፉ! ደረትህ ላይ የበቀለው ምንድን ነው?»

ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የሣሩ ጫፍ በኮቱ አንገት በኩል ወጥቶ የባላቸውን አገጭ ይነካል።

«ሣር ነው» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

ሁሉም ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮዋ ግን ቆመዋል። «ማን ከማን ተጣልቶ ነው?»

ሸዋንዳኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ አናውቅም፣ እኅቴ። የእኅታችሁ ጉዳይ ብሎ የጠራን እሱ ነው።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እውነቱን ቢናገሩ የሚስታቸውን ገመና በወንድሞቻቸው ፊት ይገልጣሉ፤ መዋሸት ደግሞ አልለመዱም። «ጠርጥሬ ነበር። ጥርጣሬዬ መሠረት የሌለው ሆኖ አገኘሁት። መዝገቡን ዘግቼዋለሁ።»

«ምን ብለህ ጠረጠርከኝ?»

«የተዘጋ መዝገብ አይነበብም።»

«መሠረት እንደሌለውስ በምን አወቅህ?»

 የአቶ ሰይፈሥላሴ ዐይን ሳያስቡት ወደ ጓሮው፣ ወደ ሽፈራው ዛፍ ሸሸ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ዐይናቸውን ተከትለው አዩ፤ ቀስ ብለውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማታ ከመስኮቱ ሥር ጭቃው ተወግቶ አይቼ ነበር። ሌባ ነው እንዳልል፣ ሌባ ከዘራ ይዞ አይመጣም።»

ይህን ብለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ተሰማ። አቶ ሰይፈሥላሴ ሣሩን በደረታቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ልብሷን እየሰበሰበች ይሆን? ከዚህ ቤት ወጥቶ የሚሄድ ሰው እንዳለ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡ፣ ሂያጁ እሳቸው እንጂ እሷ ትሆናለች ብለው ለአፍታ አልጠረጠሩም።

ወይዘሮ እጅጋየሁ ተመለሱ። በአንድ እጃቸው ጀርባው የተገሸለጠውን ካፖርት ይዘዋል። ራሳቸው ላይ ያለችው ሻሽ አይደለችም፤ የወይን ጠጇ ቆብ ናት። በሁሉም ፊት አወለቋት።

«እነሆ። ከዚህ ሌላ የደበቅሁህ የለኝም።»

ሸዋንዳኝ ከተቀመጠበት ተነሣ። «የእናታችን ጠጉር!» አለ። «ሻሿን ስትፈታ ልክ እንዲህ ነበር የሚጠቀለለው።»

«ቆቢቱ ግን የምን ጨርቅ ናት?» አለ ካሱ።

«የአማችህ ካፖርት። ጥጥ የጠጉርን ውኃ ይጠጣል።»

«ጥጥ? አንቺን ያሳደገሽ ጥጥ?» ካሱ ተቆጥቶ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ይኸው፣ ጠቡ እዚህ ላይ ነው!»

ወይዘሮዋ አልሰሙትም። የባላቸውን ፊት ይመረምሩ ነበር፤ ያቺን የፈሯትን ኀዘኔታ ይፈልጉ ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ መመርመራቸውን ዐወቁ። ፊታቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እጃቸውን አንሥተው ባርኔጣቸውን አወረዱ። ከሥሩ እንደ ታጠበ ሳሕን የሚያበራ ራስ ወጣ።

«ፀሐይዋ ጠለቀች እንዴ?» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ ይዘው።

ሸዋንዳኝ ሣሩን ከአማቹ ደረት ሳብ ሳብ አድርጎ አወጣና በሁለቱ መካከል ወለሉ ላይ አኖረው። «ስለ ካፖርቱ እሷ ትካስህ፤ ስለ መስኮቱ አንተ ካሳት። ገበሩን እኔ ሸምኜ አመጣለሁ። በጥጥ።»

ኑሃሚን ስትጠራ ለመሰናበት የተጠራች መስሏት ፊቷን አጥቁራ መጣች። አቶ ሰይፈሥላሴ በገላጣ ራሳቸው ቀና ብለው ተቀምጠው፣ «ልቀቂ ያልኩሽን አንሥቻለሁ» አሏት። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ጓሮው ጠቆሙ። «ያንን ብርጭቆሽን አምጪው።»

አመጣችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት፤ አዘነበሉት፤ አሸተቱት።

«ተልባና ውኃ ብቻ ነው?»

«ብቻ ነው ጋሼ።»

«ለዚያ ራስ አንድ ከረጢት እንኳ አይበቃም» አለ ካሱ ከወዲያ፣ የአማቹን በራ እያየ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ በአንድ ጣታቸውም ትንሽ ራቅ አደረጉት።

«በሚመጣው ቅዳሜ» አሉ፣ «እኔው ፊት ትቀቅዪዋለሽ።»