የሳላሀዲን ነጥቦች

ሳላሀዲንን ያሳሰረው የገዛ መሣሪያው ነው። ሮቤ ውስጥ ሶላርና ራዲዮ ይጠግናል፤ የአማተር ራዲዮ ፈቃድም አለው። ሞተር ብስክሌቱ ላይ ያሰራት ትንሽ ማሰራጫ የትና በስንት ሰዓት እንደደረሰ በአየር ትልካለች፤ ውጭ አገር ያለ አንድ ድረ ገጽ ደግሞ ተቀብሎ ካርታ ላይ በነጥብ ያሳያል። ለጥገና ደሎ መና ሲወርድ የሳነቴ ጉም መንገድ ላይ ቢያስቀረው ጓደኞቹ እንድናገኘው ነበር ያሰራት።

ሰዓቷን ሲሞላት ግን እንደ ሀገሩ ሞላት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን «ሁለት» ብሎ ሞላት። ድረ ገጹ ሁለትን የሚያውቀው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ሳነቴ ላይ ያለው የኔትወርክ ማማ ባትሪዎች የተዘረፉት፣ ዘበኛውም የተደበደበው ሳላሀዲን ደሎ መና ሊወርድ ባደረበት ሌሊት፣ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ሳላሀዲን በማማው ሥር ያለፈው ከነጋ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ካርታው ግን ዘራፊዎቹ መካከል አቆመው።

መርማሪው ሳጅን ጉዲሳ ካርታውን አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«መምህር፣ ማሽን ውሸታም ነው እንዳትለኝ።»

«አልዋሸም። እንደኔና እንዳንተ ነው የሚቆጥረው። የእጅ ሰዓትህ አሁን ስንት ላይ ነው?»

«ዘጠኝ ላይ።»

«ስንት ሰዓት ነው ታዲያ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«እኮ! በቃ!»

«የኔ ሰዓት ማማ ሥር አልተገኘም» አለና ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ተከትለው ሳቁ።

ሕግ አስተምራለሁ፤ ለሳላሀዲንም ጠበቃ ሆኜ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ደደብ ክርክር ሰምቻለሁ። ይህን ስሌት የማያውቅ ሰው ግን ባሌ ውስጥ የለም። ስልኩን ባየ ቁጥር ሰዓት እያሰላ የሚኖር ሕዝብ፣ ሰው ሊያስር ሲፈልግ ብቻ ስሌቱ ይጠፋበታል!

ማስረጃ ነበረኝ። የወራት ነጥቦቹን ሳገላብጥ፣ በየጁምዓው ሞተሩ መስጊድ ደጅ ቆሞ የሚታየው በድረ ገጹ አቆጣጠር ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ጁምዓን በንጋት የሚሰግድ ማነው? ስድስት ሰዓት ቢደመርበት ልክ ቀትር ላይ፣ ሶላቱ ላይ ይውላል። ለድረ ገጹ ሰዎች ሰዓቱ እንዲታረም ጻፍኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ የተላከ ነጥብ አናርምም፤ የማሰራጫው ባለቤት ከራሱ ኢሜይል ከጠየቀ ግን ያለውን ሁሉ እንሰርዛለን።

ይህን ለሚስቱ ለጁሀራ ነገርኳት።

«ይሰረዝ እንጂ ታዲያ» አለች።

«አይሰረዝም! የሚያስረዳልን ነገርም አብሮ ይሄዳል። ፍርድ ቤት ፊት ከፍቼ አሳያቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ክርክር ይወዳሉ። እኔ የምፈልገው ባሌን ነው። ሳጅኑ ራሱ፣ ካርታው ላይ ባይኖር በምን እይዘው ነበር ብሎኛል።»

«ቀልዶብሽ ነው!»

«ወላሂ፣ እልህ ያስያዛቸው የእርስዎ ጩኸት ነው።»

እሷም ላይ ጮህኩ።

የባሏን የይለፍ ቃል ታውቃለች። ሳትነግረኝ፣ ከእሱ ኢሜይል ይሰረዝ ብላ ጻፈች። ለማረም እጅ የሌላቸው ሰዎች ለመሰረዝ ፈጣኖች ናቸው።

ችሎት ላይ ካርታውን ስከፍት ከሮቤ እስከ ደሎ መና ባዶ መንገድ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድም የጁምዓ ነጥብ የለም። የሳጅኑ ወረቀት ግን አለ፤ ማኅተም አርፎበታል። የጁምዓ ነጥቦቹን በስልኬ ያነሳሁበትን ፎቶ ሳቀርብ ዳኛው «ምንጩን አሳየን» አሉኝ። የጉዲሳን ወረቀት ምንጭ ማንም አልጠየቀም። ይህንኑ ስናገር ድምፄን እንድቀንስ ታዘዝኩ። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ማጥፋት የሚል ሌላ ክስ እንደሚጨምር አስታወቀ፤ የስረዛ ጥያቄው የተላከው በሳላሀዲን ስም ነውና። ዋስትናም ተከለከለ።

ጁሀራ ኮሪደሩ ላይ ምሳ ዕቃ ይዛ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኝ ብዬ ልንገራቸው?» አለችኝ።

ብትናገር እሷም ትገባለች፤ እሱም አይወጣም።

«ዝም በይ» አልኳት።

ሳላሀዲን በካቴና ታስሮ ወጣ። አጠገባችን ሲደርስ ቀስ ብሎ፣ በኦሮምኛ፣ «ማነው ያጠፋው?» አለ።

ጁሀራ ምሳ ዕቃውን ዘረጋችለት።

«ትኩስ ነው» አለችው።

እጆቹ ስለታሰሩ አጃቢው ፖሊስ ተቀበለለት።