የኦፓል ኪስ

ሮዊና ክፉ ነገር ሳይደርስ ቀድማ የምታየው ሰው ነበረች። ባሏ ዴንዚል በትልቁ ወንዝ ላይ የከሰል ጀልባ ሊነዳ ለሳምንታት ሲሄድ፣ እሱ ገና መኪናውን ከደጅ ሳያስወጣ እሷ በሐሳቧ ቀብራው፣ አልቅሳለት፣ ጥቁር ለብሳ ጨርሳለች። ልጇ ኦፓል ካሳለች ሳንባዋ ነው፤ ስልክ ከጮኸ መርዶ ነው። አማቷ ኦልታ፣ «አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣም ‹ቤቴን ልታቃጥልብኝ ነው› ትያለሽ» እያለች ትስቅባታለች።

በዚያ ክረምት ግን ፍርሃቷ መልክ አገኘ። ሮዊና የምትሠራው ከከተማው ዳር ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሳንቲም እየከተቱ የሚያጥቡት ሰዎች ሲወጡ ወለሉን ጠርጋ፣ መብራቱን አጥፍታ የምትዘጋው እሷ ናት። ኦፓልም ከትምህርት ቤት መልስ የምትቆየው እዚያው ከእናቷ ጋር ነው። ባለፈው መኸር ከጎናቸው ያለው መድኃኒት ቤት በጠራራ ፀሐይ በሽጉጥ ተዘረፈ። ከገና ወዲህ ደግሞ አንድ ግራጫ ፒክአፕ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ እየመጣ ግቢው ውስጥ ይቆማል። ውስጡ ያለው ሰውዬ ልብስ አያጥብም፣ አይወርድም፣ ሞተሩን አያጠፋም። ሮዊና ለአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ለሸሪፉ ብትደውል፣ «እመቤት፣ መኪና ውስጥ መቀመጥ ወንጀል አይደለም» አሏት።

ዴንዚል በስልክ፣ «በይ ሂጂና ለኪስ የምትሆን አንድ ነገር ግዢ። እማማን ይዘሻት ሂጂ፣ እሷ ታውቃለች» አለ።

የላቮን ሱቅ ግማሹ የዓሣ ማጥመጃ፣ ግማሹ የጦር መሣሪያ ነው። ላቮን ሱሪውን በማንገቻ ያንጠለጠለ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ በያዘው ሽጉጥ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው።

«ወይዘሮ ኦልታ! ዛሬም ጥይት ነው?»

«ለእኔ አይደለም። ለምራቴ ነው። ጥላዋን የምትፈራ ናት፤ እባክህ ጥላዋን የማትመታበት ስጣት።»

ላቮን ወደ ሮዊና ዞረ። «የት ልትይዢው ነው? ቦርሳ? ወገብ? ኪስ?»

«ኪስ» አለች ሮዊና። የካፖርቷን ቀኝ ኪስ መታ መታ ስታደርገው የከረሜላ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

«እሱ ኪስ ያንቺ አይደለም፤ የኦፓል ነው» አለች ኦልታ።

እውነቷን ነው። ኦፓል መራመድ ከጀመረች ወዲህ መንገድ ላይ የምትይዘው የእናቷን እጅ ሳይሆን የእናቷን ኪስ ነው። ኦልታ ለዚያ ብላ ሚንት ከረሜላ ትጨምርበታለች። ልጅቷ እንቅልፍ ሲመጣባት እንኳ እጇ ያንን ኪስ ፍለጋ ይሄዳል።

«ከረሜላውን ወደ ግራው አዛውረዋለሁ።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለልጅቷ እጅ ንገሪው።»

ላቮን ሁለት ሽጉጥ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ይቺ አምስት ጎራሽ ናት። እንደ ወይዘሮ ኦልታ ናት፤ አርጅታለች፣ ትከብዳለች፣ አትዋሽም። ጎኗን ከፈት ስታደርጊው ጥይቱ በዓይንሽ ይታያል፤ ዘቅዝቀሽ ታራግፊዋለሽ።»

«አርጅታለች ያልከውን ሰምቻለሁ» አለች ኦልታ።

«ይቺኛዋ ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ታክላለች። ሰባት ትጎርሳለች። እስቲ አቀባብያት።»

ሮዊና ትንሿን አንሥታ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበች። እንቢ አላት። ደግማ ስትስበው ትንሽ ሄደና ሸርተት ብሎ አውራ ጣቷን ነከሳት። እጇ በሳሙናና በሙቅ ውኃ የተላጠ፣ ጉልበት የከዳው እጅ ነው።

«ትንንሾቹ ሞላቸው ክፉ ነው» አለ ላቮን። «እጅሽ ካልቻላት አትግዢያት ነው የምልሽ።»

ሮዊና ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ ባለው የመልክ መስታወት ላይ ነበር። አምስት ጎራሿን ኪሷ ስትከት ካፖርቱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ ያየ ሁሉ የሚያውቅባት መሰላት። ትንሿን ስትከት ምንም የለም። እንደ መሐረብ ጠፋች።

«አፎቷንም ውሰጂ» አለ ላቮን ቁራጭ ቆዳ እያቀበላት። «ምላጯን ይሸፍንልሻል።»

ከነአፎቷ ሞከረቻት። ኪሱ አበጠ። «ያስታውቃል» ብላ መለሰችለት።

ላቮን አገጩን አከከ። «የምትከብድሽን ቤት ትተሻት ትወጪያለሽ። የምትቀልሽን ደግሞ መያዝሽን ትረሺያለሽ። የቱ እንደሚሻል አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ? እረሳለሁ?» አለች ሮዊና። ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከመንገድ የምትመለስ ሴት ናት፤ ነገሩ ስድብ መሰላት። ትንሿን ገዛች።

ዴንዚል ለሁለት ቀን እረፍት ሲመጣ ሽጉጧን አገላብጦ አየና በአንድ ስበት አቀባበላት። አንዷ ጥይት ወደ ውስጥ ገባች።

«እንዲህ ሆና ትቀመጥ። በጭንቅ ሰዓት ዘራፊውን ‹ቆይ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ላቀባብል› ትይዋለሽ?»

«እኔ ጥይቷን ላወጣት ብፈልግስ?»

«ስመጣ አወጣልሻለሁ» አለና ሰኞ ወደ ወንዙ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ሰሞን ሽጉጧ እንደ ፍም ታቃጥላት ነበር። በየደቂቃው ኪሷን በክርኗ ትነካለች። ቤት ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሽጉጧን ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ በሣጥኗ ከታ ታስቀምጣታለች። ኦፓል ወደ ቀኝ ስትመጣ ወደ ግራ ታዞራታለች። ሳምንታት ሲያልፉ መንካቱ ቀነሰ። ግራጫው ፒክአፕም አንዳንድ ማታ ይቀር ጀመር። ሽጉጧ እንደ ቁልፍ፣ እንደ ሳንቲም ሆነች። ሮዊና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር መፍራት ቀለላት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሴቶቹ ሁሉ አብራቸው የምታመልከው ኢሞጂን ቤት ተጠሩ። የኢሞጂን ልጅ ልትወልድ ደርሳለች፤ ወግ ነውና ለሕፃኑ ስጦታ ተይዞ ይመጣል። ጠረጴዛው በአሳማ ሥጋ፣ በበቆሎ ዳቦ፣ በባቄላና በሙዝ ክሬም ተሞልቷል። እንግዳ ሲገባ ካፖርቱና ቦርሳው ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ ኢሞጂን አልጋ ላይ ይከመራል። ከእንግዶቹ ልጆች እንቅልፍ የጣለው እዚያው ካፖርቱ መሐል ይጋደማል። ዴንዚልም ሕፃን ሆኖ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቷል። ማንም አስቦበት አያውቅም።

ኦፓል ክሬሟን ስትጨርስ ዓይኗ ተንከራተተ። ሮዊና ተሸክማ ወሰደቻት፣ ጫማዋን አወለቀችላት፣ ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ የገዛ ካፖርቷን ከክምሩ ስባ አለበሰቻትና ግንባሯን ስማ ወጣች። በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ልጅቷ ብትታፈን፣ ብትወድቅ፣ ብትጮህ እንድትሰማ።

ስጦታው ሲፈታ ሳቁ ደመቀ። ኦልታ ወደ ሮዊና ጎንበስ አለች። «አንቺ፣ ያ የኦፓል ከረሜላ አለሽ? ይቺ ባቄላ ሽንኩርቷ በዝቶ ሰው ማናገር አልቻልኩም።»

«ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ እማማ። ላምጣ—»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ካፖርቱ ኦፓል ላይ ነው፤ ሽጉጧም እዚያው።

ሮጣ ቢሆን በወደደች። ግን የኢሞጂን ቤት ወለል ጣውላ ነው፤ አንድ ሰው ሲሮጥ መስኮቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ ብትደነግጥስ? ደንግጣ እጇን ብትጨብጥስ? ሮዊና እንደ እንቁላል ተሸካሚ እየተራመደች ወጣች።

ኢሞጂን ክንዷን ያዘች። «ወዴት ነው? ያንቺ ስጦታ እኮ ገና አልተፈታም!»

«መጣሁ» አለች ሮዊና። ፊቷ ፈገግ ብሏል፤ ማን ፈገግ እንዳደረገው አታውቅም።

ኦፓል በጎኗ ተጠቅልላ ተኝታለች። ቀኝ እጇ እስከ አንጓው ድረስ ኪሱ ውስጥ ነው። ቀኙ ኪስ ውስጥ። በጨርቁ ሥር ትንንሾቹ ጣቶች በሕልም እንዳለ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። ካፖርቱ ሆዷ ላይ ነው፤ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ አይታወቅም።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሮዊና ግን የፈራችው በራሱ እግር እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀችም፤ ገዝታ፣ ኪሷ ከታ፣ ልጇን አልብሳታለች።

ተንበረከከች። እጁን ልትስበው አሰበች፤ አልደፈረችም። ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከዚያ ቀስ ብላ ከግራው ኪስ አንድ ከረሜላ አወጣች። ወረቀቱን ከልጅቷ ጆሮ አጠገብ ፈታችው። ተንኮሻኮሸ። የሚንቱን ሽታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

ኦፓል ዓይኗን ሳትገልጥ ከንፈሯን መጠጠች። እጇ በገዛ ራሱ ከኪሱ ወጣ፤ መዳፏን ዘረጋች።

ሮዊና ከረሜላውን መዳፏ ላይ አስቀመጠች፤ ሽጉጧን በሌላ እጇ ከኪሱ አወጣች። ወዲያው ደግሞ ልጅቷ ተኝታ እንዳያንቃት ብላ ከረሜላውን መልሳ ወሰደችው።

ኦልታ በሩ ላይ ስትደርስ ምራቷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሽጉጧን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ላይኛውን ብረት እየታገለች ነበር። የጥይት ካዝናውን ነቅላለች። ውስጥ ያለችው አንዷ ግን አልወጣ አለች።

«አልቻልኩም፣ እማማ። አልቻልኩም።»

ኦልታ አጠገቧ ጎንበስ አለች። ሽጉጧን ተቀብላ በተጣመሙት ጣቶቿ ሞከረች። እሷም አልቻለችም። ቀና ስትል ዓይኗ አልጋው ላይ ዐረፈ። ከኦፓል እግር ሥር አንድ ቡናማ ቦርሳ አለ። የራሷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ሽጉጥ ተሸክማው አታውቅም።

«የኔም እዚህ ነው» አለች በሹክሹክታ።

ሁለቱም ክምሩን አዩት። ቀይ ቦርሳ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ የሕፃን ዳይፐር መያዣ፣ በዶቃ የተሠራ ቦርሳ፤ ልጅቷ መሐላቸው እንደ ጫጩት ተጠቅልላለች። ኦልታ ፊቷ ሲለወጥ ሮዊና አይታ አታውቅም ነበር።

አሮጊቷ ወደ ሳሎን ተመለሰች። «ሴቶች!» አለች። «አልጋው ላይ ልጅ ተኝታለች። ቦርሳዋ ውስጥ የሚጮኽ ነገር ያላት ትነሣና ታንሣ።»

«የኔ ስልክ ሁልጊዜ ይጮኻል» አለች አንዷ። ጥቂቶች ሳቁ።

ኦልታ አልሳቀችም። ሳቁ ተቋረጠ።

መጀመሪያ አንድ ወንበር ጮኸ። ቀጥሎ ሌላ። የመዘምራኑ መሪ ተነሣች። ኢሞጂን ራሷ ተነሣች፣ በገዛ ቤቷ። የሰባኪው ሚስት ዊላ ክሬሙን ከከንፈሯ ጠርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ተከተለች። በመጨረሻ ልትወልድ የደረሰችው ልጅ ሆዷን ደግፋ ብድግ አለች። «የኔ ግራጫው ቦርሳ ነው» አለች ቀስ ብላ፤ እናቷ ዞር ብላ አየቻትና አንገቷን መለሰች።

በጣት ጫፍ እየተራመዱ በተኛችው ልጅ ላይ ጎንበስ እያሉ ቦርሳ ቦርሳቸውን አነሡ። አንዷ የሌላዋን ዓይን አላየችም።

ዊላ ላም ስታልብ ያደገች ናት። ሽጉጧን ከሮዊና ተቀብላ በአንድ ስበት ከፈተቻት። ጥይቷ ዘልላ ምንጣፉ ላይ ወደቀችና አልጋው ሥር ገባች። እዚያ የነበረች ሴት ሁሉ በእሑድ ቀሚሷ ተንበርክካ ፈለገቻት። እስክትገኝ ማንም አልተነሣም። ኦፓል አልነቃችም።

በማግስቱ ሮዊና ሽጉጧን ላቮን ፊት አስቀመጠች።

«ምን ጎደላት?»

«ክብደት።»

ላቮን ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው። አምስት ጎራሿን አወጣላት፤ በወገብ የሚታሰር፣ ምላጩን የሚሸፍን ወፍራም አፎትም ጨመረላት። ሮዊና የሽጉጧን ጎን ከፈተች፣ ባዶ መሆኗን አየች፣ ዘጋች። እንደገና ከፈተች፣ አየች፣ ዘጋች። ላቮን ሌሎች ሦስት ደንበኞች አስተናግዶ ሲመለስ እሷ ገና እየከፈተች ነበር።

ያን ሰሞን ማታ ማጠቢያ ቤቱን ስትዘጋ ግራጫው ፒክአፕ ሞተሩን እያሰማ ቆሟል። ሽጉጧ ካፖርቷ ሥር ቀኝ ዳሌዋን ትቆረቁራታለች፤ ጎንበስ ስትል ትወጋታለች። ስለምትወጋትም አትረሳትም።

ኦፓል እንደ ልማዷ ከቀኟ መጣች። እጇን ወደ ኪሱ ሰደደች፤ አልገባላትም።

«እማዬ፣ ኪሴን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ። ሰፋሁት። ከረሜላው በግራው ነው፣ ነይ በዚህ በኩል።»

«እኔ ግን በዚህ ነው የምይዝሽ።»

ወደ ግራ ብታዞራት ተመልሳ ወደ ቀኝ መጣች። ሮዊና ዓይኗን ከፒክአፑ ሳትነቅል በሩን ቆለፈችና ወደ መኪናዋ አመራች። በጎኗ የትንሿ ልጅ ጥፍር ስፌቱን እየቆፈረ፣ እየቆፈረ ይሄዳል። ሮዊና ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚሰማት እሱ ነው። ቤት እንደገባሁ ስፌቱን በድርብ ክር እደግመዋለሁ ብላ አሰበች።