የበረዶው ጫማና የኸሊፋ ጠፍር

እኔ ዘሩ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቅም። እናቴ እንኳ ወተት ስትሰጠኝ ውሃ ጨምራበት ይሆን እያልኩ ጣሳውን አዘንብዬ አያለሁ። ይሄ ጠባዬ አንድ ሰው አሳስሯል። የምነግራችሁም እሱን ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መተማ አጠገብ የመንግሥት እርሻ ላይ ሰሊጥ አጫጅ ነበርኩ። ከጋይንት የወረድነው ከታናሽ ወንድሜ ከፈንቴ ጋር ነው። ባመቱ ፈንቴን ሰሊጡ ውስጥ እባብ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነደፈው፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ሞተ። እኔ ቀበርኩት። ከዚያ ወዲያ በኮንጎ ጫማ ሰሊጥ ውስጥ አልገባም ብዬ ማልኩ።

ነጋዴው ዓሊ ከሱዳን ባስመጣው የሳልባጅ ቦንዳ ውስጥ አንድ ጉድ አገኘሁ። ቀይ ጫማ ነው፤ እንደ ጀሪካን የደረቀ ፕላስቲክ፣ እስከ ባት የሚደርስ፣ በጎኑ አራት የብረት ዘለበት የተደረደረበት። ዓሊ ራሱ ምንነቱን አያውቅም። የእርሻውን ትራክተር የሚጠግነው ፈረንጅ ሲያየኝ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ እየተንሸራተተ አሳየን፤ ለካስ ባገራቸው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ኖሯል። መተማ ላይ በረዶ! ይሳቅ እንጂ፣ ያንን የሚበሳ የትኛው እባብ ነው? ሙቀቱ እግሬን ቢቀቅለውም አላወለቅሁትም።

ከስድስት ወር በኋላ ጫማው ላላ። ዘለበቱን አንድ ጥርስ አጠበቅሁት፤ ሰነባብቶ እንደገና ላላ። መጨረሻው ጥርስ ላይ ስደርስ በላይ በኩል እጄ ይገባ ጀመር። እጅ ከገባ እባብም ይገባል።

ጫማ ሰፊው ኸሊፋ ገበያው ዳር ኒም ዛፍ ሥር ነበር የሚሠራው። ሽማግሌ ነው፣ ዝምተኛ። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አልወድም፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅማ! ጫማውን አገላብጦ አየና፣

«የውስጡ ስፖንጅ ተረግጦ ሞቷል» አለኝ። ከዚያ ቀጭን የቆዳ ጠፍር አውጥቶ ባቴን ዙሪያውን ለካ፤ ጫፉ የደረሰበት ላይ ቋጠረና ምስማር ላይ ሰቀለው።

«ለምንድን ነው የሚሰቅሉት?» አልኩት።

«ልክህ ነው። የደንበኛዬን ሁሉ ልክ አስቀምጣለሁ።»

የኔ ልክ እሱ ዘንድ መቀመጡ አልተዋጠልኝም። ሁለት ቆዳ ደራርቦ፣ መሐሉን ጠቅጥቆ፣ ከውስጥ ሰፋልኝ። ጫማው ልክክ አለ። ለሃያ ቀን።

እንደገና ሲላላ ተመልሼ ሄድኩ። አሁንም ለካኝ፣ አሁንም ቋጥሮ ሰቀለ። ከዚያ አተኩሮ አየኝ።

«ዘሩ፣ ምግብ ትበላለህ?»

«ኧረ ሆዴን አያዩትም?» አልኩና መታሁት። ያን ሰሞን ሆዴ ገፍቶ ነበር። ጓደኞቼ «ዘሩ ቱጃር ሆነ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኛል። ትኩሳት አልፎ አልፎ ይይዘኛል፤ ቆላ ነው፣ ወባ የማይዘው ማን አለ?

ሌላ ቆዳ ደረበልኝ። በወሩ ያም ላላ። አሁንስ በዛ! መጀመሪያ የጠረጠርኩት አብሮኝ የሚተኛውን አዛናውን ነው። እግሩ የበሬ ነው፤ ስተኛ ጫማዬን እያደረገ ቢወጣስ? ዘለበቶቹን በቀጭን ክር አስሬ ተኛሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ክሩ አልተነካም። እንግዲህ ማን ቀረ? ኸሊፋ ነዋ!

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ለክቶኝ ሲጨርስ ጫማውን መለሰልኝ።

«ይሄን አልሰፋም። ጤና ጣቢያ ሂድ» አለኝ።

«ጫማ አምጥቼ ጤና ጣቢያ? ምን አገባህ አንተ!» አልኩት። ሽማግሌውን «አንተ» ያልኩት ያኔ ነው። አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ይበልጥ አናደደኝ።

ሰፈር እንደደረስኩ የሰፋውን በቢላ ቀደድኩት። ከሁለቱ ቆዳ መሐል የታጠፈ ካርቶን ወጣ፤ ካርቶኑ ላይ የአረብኛ ጽሑፍ። ደሜ ፈላ። በመሠረተ ትምህርት አማርኛ ማንበብ ተምሬያለሁ፤ አረብኛ ግን ምን አውቄ! ኸሊፋ በኔ ጫማ ከሱዳን መልእክት እያሻገረ የመንግሥት እርሻ ውስጥ እያስገባ ነው አልኩ። ሌላ ሰው እያወጣ እየመለሰው ነው፣ ለዚያ ነው የሚላላው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ።

በቀጥታ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ጀይሉ ካርቶኑን አገላብጦ አየና ቃሌን ጻፈ። ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ ግንኙነት አለው የተባለ ሰው ጎንደር ይላካል፤ ከሄደ በኋላ መመለሱን የሚነግርህ የለም። ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። በጣት ሳይሆን በስሜ ስፈርም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮርቼ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ኸሊፋን አቀረቡት። ከኒሙ ዛፍ ሥር የተለቀመው ወስፌ፣ ክርና ጠፍር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ጽሑፉን እንዲያነብ ዓሊን ጠሩት።

«የሳሙና ካርቶን ነው፣ ጓድ» አለ ዓሊ።

«አንተስ የሱ ወገን አይደለህ? በምን እንመንህ?» አለው ጓድ ጀይሉ። እኔም በሆዴ እንዲያ ነበር የምለው። ከዚያ ወደ ኸሊፋ ዞረ። «ለራስህ የምትናገረው አለህ?»

«ስለ ወረቀቱ ዓሊ ተናግሯል» አለ ኸሊፋ። «ስለኔ እንደፈቀዳችሁ። ይሄን ልጅ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ላኩት። ሊሞት ነው።»

ከክምሩ ሦስት ጠፍር መዞ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የመጀመሪያው ቋጠሮ እዚህ፣ ሁለተኛው ሁለት ጣት ወደ ውስጥ፣ ሦስተኛው ከዚያም አጥሮ።

«የሱ ባት ልክ ነው። ጫማውማ አንዴ ብቻ ነው የላላው፤ እሱንም አበጀሁለት። ከዚያ ወዲህ የሟሸሸው እግሩ ነው።» ወደኔ መጥቶ ሸሚዜን ገለጠና በግራ ጎኔ ጫን አለው። ጮህኩ። «ይሄ ጥጋብ አይደለም፣ ልጄ። ጣፊያህ ነው ያበጠው። ካላዛር ነው፣ የቆላው በሽታ።»

«አንተ ሐኪም ነህ? በምን አወቅህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ኸሊፋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር አየ። ለምን እንዳየው አሁን ነው የገባኝ። ጠፍሮቹን በጣቱ ጠቅልሎ፣

«የእህቴ ልጅ ገላባት ላይ እንዲህ ሆኖ ሞተ። እኔ ነኝ ያስታመምኩት» አለ።

ገላባት ማለት ሱዳን ነው። ጓድ ጀይሉ ብዕሩን አነሳ። «እህትህ ወዲያ ማዶ ናት ማለት ነው?» አለና ጻፈ።

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። «ጓድ፣ ተሳስቻለሁ፤ ፊርማዬን መልሱልኝ!» አልኩ።

«ፊርማ አይመለስም» አለኝ።

ላንድሮቨሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ እኔን ወደ ሐኪም ቤት፣ እሱን ወደ እስር ቤት አንድ ላይ ጫኑን። መንገዱን ሙሉ ሳስመልስ ነጂውን «አቁምለት» የሚለው እሱ ነው፣ እጁን እንደታሰረ፣ ጠፍሮቹም ጣቱ ላይ እንደተጠቀለሉ። ጎንደር ስንደርስ መጀመሪያ እኔን አወረዱኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«መርፌውን ሳትጨርስ እንዳትወጣ። አንተ ሐኪሙንም ትጠረጥራለህ» አለኝ።

በየቀኑ መርፌ፣ ሠላሳ መርፌ ጨረስኩ። ሆዴ ጎደለ፣ እግሬ ሥጋ ያዘ። ያንን ቀይ ጫማ ሳደርገው ጠበበኝ፤ ቀድጄ ያልጨረስኩት የኸሊፋ ድራቢ አሁንም ውስጡ ነበር። እሁድ ዳቦ ገዝቼ እስር ቤቱ በር ሄድኩ። ስንቅ ካቀበሉት መሐል አንዲት ሴት ጫማዬን አይታ ወደኔ መጣች። ሚስቱ ሐሚዳ ናት፤ ተከትላው ጎንደር መጥታለች።

«ማን እንደሆንክ አውቃለሁ» አለችኝ። «ባለፈው እሁድ ከባዶው ሳህን ጋር ይሄን ላከልኝ። ቀይ ጫማ ያደረገ ሰው ከመጣ ባቱን ለኪልኝ ብሏል።»

የመጀመሪያው ጠፍር ነበር። ተንበርክካ ዘለበቶቹን ፈታች። ታምናላችሁ፣ ያኔም ጠረጠርኩ፤ ምን ልታደርገኝ ይሆን አልኩ። ጠፍሩን ባቴ ላይ አዞረች። ጫፉ ቋጠሮው ላይ ገጠመ።

«ድነሃል» አለች፤ ፊቴን ግን አላየችም። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ለሱ እነግረዋለሁ። ለኔ ምንም አትንገረኝ» አለችና ጠፍሩን ከዳቦው ሥር አደረገችው።

ዘበኛው ሳህኑን ፈትሾ ጠፍሩን አነሳው።

«ይሄ ምንድን ነው? ምልክት ነው?»

አስተያየቱን አወቅሁት፤ የኔ ነበር። «የእግሬ ልክ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

«አንተስ የእስረኛው ምኑ ነህ?» ደብተሩን ገለጠ።

«ልጁ ነኝ» አልኩት። ስሜን ጻፈና ፈርም አለኝ። ፈረምኩ። ሐሚዳ ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ጠፍሩ የለበትም። ዘበኛው ጥሎት ይሁን ኸሊፋ ወስዶት የሚነግረን አላገኘንም። በሳምንቱ ሐሚዳን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት። ያን ጊዜ እንዲህ የሚባለው የተገደለ ሰው ቤተሰብ ነው።

የጫማውን ድራቢ እስከ ዛሬ አላስፈታሁትም፤ ጫማውን እንደጠበበኝ አደርገዋለሁ። ሁሉን እጠራጠራለሁ፤ ጎረቤቴን፣ ሐኪሙን፣ ራሴን። ያ ጠፍር ኸሊፋ እጅ መግባቱን ግን አልጠራጠርም። ይህን ከተጠራጠርኩ እንዴት እኖራለሁ?